ሰው ፊት እሺ ያለች ልጅ

ጅቡቲ፣ ጥቅምት 18 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማ ኡምኩልሱም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ጤናዎን ያብዛልኝ፣ ጉልበትዎን ያበርታልኝ፣ ከደጅዎ ሰው አያሳጣልኝ። እኔ አልሐምዱሊላህ ደኅና ነኝ። የወደቡ ሥራ እንደ ጅቡቲ ሙቀት ነው፤ በረደ ሲሉት ይብሳል።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሙከሚል ነው፤ የጫት መኪናውን አራግፎ ሲመለስ ጭሮ ያድራል። ስልክ እያለ መጻፌ አይግረምዎ። በስልክ ከሆነ ልጄ ኢንሳፍ ከጉያዎ ሥር ሆና ሁሉንም ትሰማለች። የአማርኛ ጽሑፍ ግን ብታገኘውም አታነበውም፤ ትምህርት ቤት የያዘችው የኦሮምኛውን ቁቤ ነው። ስለዚህ የልቤን እዚህ ላይ ላድርገው ብዬ ነው።

እማ፣ ባለቤቴ ሳህሊቱ አላህ ይማራትና ስትሞትብኝ ኢንሳፍ ገና ድክ ድክ ትል ነበር። ያኔ እኔ ለራሴም የማልሆን ሰው ነበርኩ። እርስዎ የእህትዎ ልጅ የተወችውን ልጅ ከእጄ ተቀብለው አሳደጉልኝ። ይህን ውለታ የምከፍልበት የለኝም። አሁን ግን ሰው ሆኛለሁ። ረዲያን ካገባሁ ዓመት አልፎኛል፤ ጥሩ ሴት ናት፤ ቤታችን ሁለት ክፍል አለው፤ ከቤታችን አጠገብም ጥሩ ትምህርት ቤት አለ። እንግዲህ ልጄን ወደ እኔ ልውሰዳት አስቤአለሁ። ምን ይላሉ?

ከደብዳቤው ጋር ቀይ ጫማ ልኬላታለሁ። ልኩን በግምት ነው የገዛሁት።

ዱዓዎ አይለየኝ።
ልጅዎ ታጁዲን


ጭሮ፣ ኅዳር 29 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለታጁዲን፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ያሰብከውን በኸይር ያድርግልህ፤ ረዲያንም ሰላም በልልኝ፤ ሳላያት መርቄአታለሁ። እኛ ከጉልበቴና ከመብራቱ መጥፋት በቀር ደኅና ነን። መልሴ የዘገየው ታምሜ አይደለም።

ጫማው ደረሰን። ቀዩን ቆዳ ስታይ ዓይኗ በራ። አድርጋው ግቢውን ዞረችበት፤ ባየችም አደነቀችላት። ባየች የኋላውን ክፍል የተከራየችኝ ነርስ ናት፤ ከደብረ ብርሃን ተመድባ የመጣች፣ ቤተኛ ሆናለች። ስለ ጫማው ይኸው ነው፤ ውስጡን ለቄስ።

ሌላውን የጻፍከውንም አነበብኩት። እሱን ሳነብ ለሽያጭ የጣድኩት አንድ መጥበሻ ሳንቡሳ አረረብኝ። ልጅህ ናት፣ ማን ካደህ? ግን ታጁዲን፣ ልጅ እንደ ጫት በማለዳ ተቆርጦ፣ ታስሮ፣ በዚያው ቀን ጅቡቲ አይገባም። በስልክ ድምፅህን ታውቃለች፤ ስትቆጣ ግን እንዴት እንደምትሆን አታውቅም፤ ስትስቅም አላየችህም። መጀመሪያ ና፣ ከርመህ ሂድ፣ ይላመድህ ሰውነቷ። ስለ ቀረው አላህ ያውቃል።

በሒሳብ ጎበዝ ሆናለች። እኔን እንደ እናት አዮ ነው የምትለኝ፤ አላስተማርኳትም፣ ከሰፈር ልጆች ሰምታ ነው።

ጉዞህን ሁሉ አላህ ከፊትህ ሆኖ ይጥረግልህ።
ኡምኩልሱም


ጅቡቲ፣ የካቲት 11 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማ ኡምኩልሱም፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ጤናዎን ከሙከሚል ጠይቄ ደኅና ነዎት አለኝ፤ ደስ አለኝ።

እንዳሉኝ ለመከራረም አሠሪዬ ፈቃድ አልሰጠኝም። ስለዚህ ጃርሳ ላክሁብዎ፤ ሼህ አብዱናስርንና አጎቴን በክሪን። የሽማግሌ ወጉ እንዳይጎድልብዎ ብዬ ነው። እነሱ ሲመለሱ የነገሩኝ ግን ስለ ምግብዎ ብቻ ነው። አብልተው፣ አጠጥተው፣ ስለ ዝናቡ አጫውተው ሸኟቸው። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ የእርስዎ ዝምታ ግን እኔን ነቀዘኝ።

ከእንግዲህ ነገሩን ፍርድ ቤት ይየው ብያለሁ። ልክሰስዎ አይደለም፤ አላህ ያውቃል። ድንበር ለማሻገርም ልጄ ከእኔ ጋር እንድትኖር የፈቀደ የፍርድ ቤት ወረቀት ያስፈልገኛል። ጠበቃዬ ሕገ መንግሥቱን አውጥቶ አነበበልኝ፤ ሠላሳ ስድስተኛው አንቀጽ ነው። ሕፃን ልጅ ወላጆቿን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አላት ይላል። መብቱ የእኔ ብቻ አይደለም፣ የእሷም ነው አለኝ። ይህን ስሰማ እማ፣ እውነቴን ነው፣ ዕንባዬ መጣ። ልጄ እኔን የማግኘት መብት እንዳላት ሕግ ላይ ተጽፎ አገኘሁት።

ለቀጠሮው ስመጣ ቤትዎ ባርፍ ይቀየሙኛል?

ታጁዲን


ጭሮ፣ ግንቦት 20 ቀን 2015 ዓ.ም.

ለልጄ ለታጁዲን፣

ሰላሙ ይድረስህ። በሰላም መግባትህን ሙከሚል ነገረኝ። የረሳኸውን ሽርጥ አጥቤ አስቀምጬልሃለሁ።

ስለዚያ ቀን ልጽፍልህ ነው። አንተ የምታውቀው አንተ የቆምክበትን ጎን ነው፤ በእኔ ጎን የሆነውን አታውቅም።

ከእኔ ቤት ተነስተህ ነው ልትከሰኝ የሄድከው። ቁርስህን አበላሁህ። ባጃጁን አንተ ከፈልክ፤ ኢንሳፍ መሃላችን ተቀመጠች። በሩ ላይ ጥበቃው ማን ነው ከሳሽ ሲል አንተ እጅህን አወጣህ፣ ማን ነው ተከሳሽ ሲል እኔ አወጣሁ፤ በአንድ ባጃጅ መጥታችሁ? ብሎ የሳቀው እስካሁን ትዝ ይለኛል።

ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። ድምፃቸውን አለስልሰው፣ ልጄ ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ ብለው ጠየቋት። አንተ በቀኟ ቆመሃል፣ እኔ በግራዋ። ከኋላ በክሪ አለ፣ ሼህ አብዱናስር አሉ፣ የሰፈሩ ሰው ሁሉ አለ። አንገቷን ደፋች። «ከአባዬ ጋር» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ውሳኔውም እንደ ቃሏ ሆነ። አንተ ስታለቅስ አየሁህ። እኔም አለቀስኩ፤ ሰው ሁሉ ለአንተ ደስ ብሎኝ መሰለው።

ታጁዲን፣ ያን ጠዋት ፀጉሯን ስጎነጉን ምን እንዳልኳት ታውቃለህ? «ሰው ፊት አባትሽን እንዳታሳፍሪ፤ ለሚጠይቁሽ ሁሉ እሺ በዪ» አልኳት። ነገር አስቤ አይደለም። የእኛ አገር ልጅ ሰው ፊት ሲወጣ የሚመከረው ይኸው ነው፤ አንተም፣ ሳህሊቱም፣ እኔም በዚሁ ምክር ነው ያደግነው። ልጅ ታላቅ ፊት ፍላጎቱን ከተናገረ ባለጌ ይባላል። ታዛዥ ልጅ አሳደግሁና ታዘዘችኝ።

ከችሎት ስንመለስ እጄን ይዛ «አዮ፣ ጥሩ ተናገርኩ?» አለችኝ። ምን ልበላት? ጥሩ ተናገርሽ አልኳት። ከዚያ ኩሽና ገብቼ ሽንኩርት ከተፍኩ፣ ስለ ዓይኔ መቅላት የሚጠይቀኝ እንዳይኖር።

እንግዲህ ይግባኝ ጠይቄአለሁ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና ከሌላ ሰው እንዳትሰማው ቀድሜ ጻፍኩልህ። ይግባኙ እስኪታይ ልጅቱ ባለችበት ትቆይ የሚል እግድም ወጥቷል። ልጅህን ልነጥቅህ አይደለም። ያ «ከአባዬ ጋር» የእሷ ቃል ይሁን የእኔ ምክር ሳይታወቅ ድንበር እንዳትሻገር ነው የፈለግሁት።

አትቀየመኝ ብዬ አልልህም፤ ትቀየማለህ። ሲበርድልህ ጻፍልኝ።

ኡምኩልሱም


ጅቡቲ፣ ሐምሌ 3 ቀን 2015 ዓ.ም.

እማ ኡምኩልሱም፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ልጄ በዳኛ ፊት፣ በገዛ አፏ መርጣኛለች። ይህን ቃል ስንት ዓመት ስጠብቀው ኖርኩ። እርስዎ አሁን እሱንም ከእኔ ሊወስዱብኝ ነው። ሕግ ይፍረደን።

ለዒድ ያዘጋጀሁትን ጥቁር ጫማ ለሙከሚል ሰጥቻለሁ። ጫማው ከነገሩ ውጭ ነው።

ታጁዲን


ጭሮ፣ ጥር 14 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለታጁዲን፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ። አላህ ከሙቀቱም ከቁጣውም ይጠብቅህ።

በመስከረምና በኅዳር ለጻፍኩልህ መልስ አልሰጠኸኝም። ይሁን። ክሱ ክስ ነው፣ ሰላምታው ሰላምታ፤ አንዱ ሌላውን አይሽረውም። ሙከሚልን ስጠይቀው ፊቱን ያዞርብኛል፤ ምስኪን፣ በሁለታችን መሃል እሱ ተጨነቀ። ገንዘብ መላክም አቁመሃል፤ እሱን አልጠይቅህም፣ ሳንቡሳዬ ይበቃናል። ድምፅህን ግን አታቋርጥባት። ጁምዓ ጁምዓ ስልኩን ጭኗ ላይ አድርጋ ትቀመጣለች።

የክሱን ነገር ካንተ አልደብቅም። የይግባኙ ፍርድ ቤት አልተቀበለኝም፤ ልጅ ወላጅዋን መርጣለች፣ ምን ቀረ አሉ። የሕግ አስተማሪ የሆነች ኡስታዝ ሞሚና የምትባል ሴት፣ ለድሃ በነፃ የምትጽፍ፣ ወደ ሰበር እንሂድ አለችኝ። ሰበር ማለት ምን እንደሆነ ጠየቅኋት። እዚያ ማን ዋሸ ማን እውነት ተናገረ ተብሎ አይጠየቅም፤ የሚጠየቀው ሕጉ ራሱ ነው፣ በትክክል ተተርጉሟል ወይ ይባላል፤ እዚያ የተተረጎመውን ደግሞ የታች ዳኞች ሁሉ ይከተሉታል አለችኝ። እኔ ስለ አንዲት ኢንሳፍ ነው የመጣሁት፣ ስለ ሰው ሁሉ ልጅ ምን አገባኝ አልኳት። ስለ ሰው ሁሉ ልጅ ካልተጠየቀ ስለ አንቺ ልጅም አይመለስም አለችኝ። እግዱም ሰበር እስኪወስን ተራዝሟል።

የሚገርምህ፣ እኔም የቆምኩት ባንተ አንቀጽ ላይ ነው። ያው ሠላሳ ስድስት። አንተ ላይኛውን መስመር ይዘሃል፣ እኔ ታችኛውን። ታችኛው፣ ሕፃናትን በሚመለከት ነገር ሁሉ ፍርድ ቤትም ቢሆን የሕፃናትን ደህንነት በቀደምትነት ያስብ ይላል። በአንድ ባጃጅ ሄደን በአንድ አንቀጽ ተካሰስን። ሰው ቢሰማ ይስቅብናል።

አዲስ አበባ ለመዝገቡ ስሄድ አውቶቡሱ የአሰቦትን ሜዳ ሲያቋርጥ አንተ መጀመሪያ ወደ ጅቡቲ የሄድክበት ቀን ትዝ አለኝ። ሳህሊቱን ከቀበርን ብዙም አልቆየን ነበር። ኢንሳፍ በጀርባዬ ታዝላ ተኝታ ነበር፤ አንተ ግን እንዳትነቃ ብለህ ሳትስማት ሄድክ። ያን ቀን ልጅህን እንደምትወዳት አውቄአለሁ። ዛሬም አልረሳሁትም።

የፊት ጥርሷ ወልቆ አዲስ በቅሏል። ባየች የአማርኛ ፊደል እያስተማረቻት ነው። እንግዲህ ምስጢራችን አለቀለት።

ጻፍልኝ፣ ብትሰድበኝም ጻፍ።
ኡምኩልሱም


ጅቡቲ፣ ሰኔ 26 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለተከበሩ እማ ኡምኩልሱም፣

አሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ዝምታዬን ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ዘንድ የምጽፈው አጥቼ አይደለም፤ ብዙ ጀምሬ ቀድጃለሁ።

የሰበሩን ውሳኔ ጠበቃዬ በስልክ ላከልኝ። መጋዘን ውስጥ፣ ከስሚንቶ ክምር ጀርባ ሆኜ አነበብኩት። መጀመሪያ ተናደድኩ። ሳይወስዱብኝ የወሰዱብኝ መሰለኝ። ሲሰክን ደግሜ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፤ «ሕፃኗ በምታከብራቸው ሰዎች ፊት ቆማ የሰጠችው መልስ አክብሮቷን ያስረዳል እንጂ ፍላጎቷን አያስረዳም። እምቢ ማለት የማትችል ልጅ እሺ ማለቷ ብቻውን ስለ ደህንነቷ አይናገርም።» አባት መብት የለውም አላለም። የአባት መብት ከልጅ ደህንነት ኋላ ይሰለፋል ነው ያለው። ጉዳዩንም ወደ ታች መልሶታል፤ ልጅቱ ለብቻዋ፣ ለልጅ በሚመች ቦታ ትጠየቅ፣ የፈለገችውን መናገርም ዝም ማለትም እንደምትችል አስቀድሞ ይነገራት ብሎ።

እማ፣ አንድ ነገር ልንገርዎ፤ ለረዲያ እንኳ ነግሬአት አላውቅም። ልጅ ሆኜ ገለምሶ ሳለን አባቴ እንግዶች በተሰበሰቡበት ድሬዳዋ አጎትህ ዘንድ ሄደህ ብትማር ትወዳለህ አለኝ። እሺ አልኩ። አባቴ ደስ አለው፤ ጭንቅላቴን ዳበሰኝ፤ እንግዶቹ አላህ ያሳድግህ አሉኝ። ከገለምሶ ጭሮ እስክንደርስ ሚኒባስ ውስጥ አለቀስኩ። መሄድ አልፈለግሁም ነበር። ከዚያ ወዲህ ማንም አልጠየቀኝም፤ እኔም አልተናገርኩም። አባቴ እሺ ያልኩትን እንደ ምርጫዬ ይዞት ሞተ።

ያን ቀን ችሎት ላይ ስቆም የኢንሳፍን ፊት አላየሁም ነበር። ቃሏን ብቻ ነው የሰማሁት። አሁን ዓይኔን ስጨፍን የሚታየኝ ያ የደፋችው አንገቷ ነው።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ አልመጣም። ኮሪደሩ ላይ ከቆምኩ መኖሬን ታውቃለች፤ ካወቀች ደግሞ እሺ ትላለች። ከእርስዎ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ያን ጠዋት ፀጉሯን ሲሠሩ ምንም አይበሏት።

ልጅዎ ታጁዲን


ጭሮ፣ ኅዳር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለታጁዲን፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ። አላህ ልብህን እንዳሰፋልህ ሪዝቅህን፣ እንጀራህንም ያስፋልህ። የገለምሶውን ነገር ካነበብኩ ወዲህ አንተን ሳስብ የሚመጣብኝ ሚኒባስ ውስጥ የሚያለቅስ ልጅ ነው። አይዞህ የኔ ልጅ።

ክረምቱ አልፎ ፍርድ ቤቱ ሲከፈት ተጠራን። እንዳልከኝ አደረግሁ። ዘይት ቀባኋት፣ ጎነጎንኳት፣ አፌን ዘጋሁ። አፍ መዝጋት ለእኔ ምን ያህል እንደሚከብድ ታውቃለህ። መጨረሻ ላይ ዞር ብላ «አዮ፣ ዛሬ አትመክሪኝም?» አለች። ዛሬ መካሪ የለም አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ።

ድሮ የአሮጌ መዝገብ ማስቀመጫ የነበረችውን ክፍል አጽድተው ምንጣፍ አንጥፈውባታል። ትንንሽ ወንበር አለ፣ የቀለም እርሳስ አለ። የተቀበለቻት ዳኛ ሴት ናት፤ ካባዋን አውልቃ በር ላይ ሰቀለችውና ይዛት ገባች። እኔ ውጭ ቀረሁ። ጥበቃው፣ ያው በባጃጁ የሳቀብን፣ አስታውሶኝ ወንበር አመጣልኝ። ከእኛ ቀጥሎ ሁለት ወንድማማቾች ተራ ይጠብቃሉ፤ እናትና አባታቸው ሊፋቱ ነው። እነሱም ለየብቻ ወደዚያችው ክፍል ሊገቡ ነው። ከሰበሩ ውሳኔ ወዲህ ልጅ ሁሉ እዚያ ነው የሚጠየቀው አለኝ ጥበቃው። ትንሹ ልጅ ከእናቱ ሥር አልወጣም ብሎ ነበር፤ የእርሳሱን ሳጥን ሲያይ ወጣ። ኡስታዝ ሞሚና ያለችኝ ያኔ ገባኝ።

ኢንሳፍ ስትወጣ ጣቷ ሰማያዊ ሆኗል። ምንም ሳልጠይቃት ቤት ደረስን። አስችሎኝ ነበር፣ ግን ሰው ነኝ፤ ሳንቡሳ እየጠቀለልኩ ምን አልሻት አልኳት። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ዳኛዋ ማንም ቢጠይቅሽ ካልፈለግሽ አትንገሪ ብላኛለች፤ አልነግርሽም» አለችኝ። አቦ፣ ልቆጣ አፌን ከፍቼ ሳቅ አመለጠኝ። በሕይወቷ የመጀመሪያው እምቢታ እኔ ላይ አረፈ።

ውሳኔውን ጠበቃህ ነግሮሃል። የትምህርቱን ጊዜ ከእኔ ጋር፣ ክረምቱን ካንተ ጋር፤ አባትነትህም እንዳለ ነው፣ ያላንተ ፈቃድ ትልቅ ነገር አይወሰንባትም። ምን ብላ እንደሆነ አላውቅም፤ አንተም አታውቅም። ሁለታችንም ሳናውቅ እንኖራለን።

ይህን ልዘጋ ስል መጣችና እኔም ልጻፍ አለች። በፊደል ነው የጻፈችው፣ ባየች አጠገቧ ተቀምጣላት። አጥፋ ሰጠችኝ። አላየሁትም፤ እንዳታዪ ተብያለሁ።

ለአንተም ለረዲያም ዱዓዬ አይቋረጥም።
ኡምኩልሱም


አባዬ፣

አሰላሙ ዓለይኩም። ደኅና ነህ? እኔ ደኅና ነኝ።

ጫማው ይጠበኛል። ቀዩም ይጠበኝ ነበር። ጥቁሩም ይጠበኛል። በስልክ ልክ ነው ያልኩህ እንዳይከፋህ ብዬ ነው። አዮ ታውቃለች ግን አትቆጣት።

ክረምት እመጣለሁ። ባሕሩን አሳየኝ። ረዲያን ሰላም በልልኝ።

ኢንሳፍ


ጅቡቲ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለኢንሳፍ፣

ወዓለይኩሙ ሰላም ወረሕመቱላሂ። ሙከሚል ደብዳቤሽን ከጫቱ መሃል አውጥቶ ሲሰጠኝ ጠርዟ ረጥቦ ነበር። ቆሜ አነበብኳት፤ ከዚያ ተቀምጬ አነበብኳት። ረዲያ ደንግጣ ምን ሆንክ አለችኝ። ልጄ ጫማው ይጠበኛል አለችኝ አልኳት። ታዲያ ለምን ታለቅሳለህ አለችኝ። ይህን ለማስረዳት ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ።

አዮሽን አልቆጣትም። ወረቀት መሬት ላይ አንጥፊና እግርሽን አሳርፊበት፤ እሷ ዙሪያውን በእርሳስ ታስምርልኝ። ሁለቱንም እግር ላኪልኝ። ገበያ ይዤው እሄዳለሁ። የምገዛልሽ ጫማ ቀለሙን ካልወደድሽው እሱንም ጻፊልኝ።

እስከ ዛሬ እሺ ባልሽኝ ቁጥር ደስ ብሎኝ ነበር፤ ግን ሁልጊዜ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር፤ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር። አሁን አወቅሁት። እምቢ ማለት እንደምትችዪ ስላየሁ፣ ክረምት እመጣለሁ ያልሽኝን አመንኩሽ።

አባትሽ